በፍልሰታ ቅዳሴ ሰዓት ስለተለካው የሞገድ ኃይል

ቢቸና፣ ጳጉሜን 3 ቀን 2006 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ገብረ ሕይወት
የሽቦ አልባ ስልክ ሞገድ ኃይል ምዘና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ሞጣ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ካሉበት ይድረስዎ እያልሁ፣ ለጤናዎ፣ ለወንበርዎና ከጠረጴዛዎ ላይ ለማይጠፋው የሻይ ፔርሙስዎ መልካሙን ሁሉ እመኛለሁ። እኔ በቢቸና ዕድሜዬን በሙሉ ሒሳብ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ የወጣሁት ሣህለ ማርያም፣ ከደም ግፊቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የደም ግፊቴንም ቢሆን ሐኪሙ ሲለካኝ አማካዩን ትቶ ከፍ ያለበትን ጊዜ እያየ መድኃኒት ስለሚያዝልኝ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ቆሜ ደብዳቤ ለመጻፍ በቅቻለሁ። ሐኪሙ በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ተቀጥሮ ቢሆን ኖሮ ግን ይህን ደብዳቤ የሚጽፍልዎ ሌላ ሰው ይሆን ነበር።

በዝግ ፖስታ የላክሁልዎ ሁለት ማመልከቻ በዝግ ስለቀረ፣ ይህን ሦስተኛውን በአውቶቡስ መናኸሪያው ግድግዳና በወረዳው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ስለጥፈው እንደማይቀየሙኝ ተስፋ አደርጋለሁ። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ከኮረብታችን ታወር ላይ ያስወረዱትን ትልቁን የሞገድ ማጉያ ከእንቁጣጣሽ በፊት ይመልሱልን።

መንገደኛውም ቆሞ ስለሚያነበው፣ እርስዎ የሚያውቁትን ለእርሱ በአጭሩ እንድናገር ይፍቀዱልኝ። ባለፈው ፍልሰታ ጽሕፈት ቤትዎ መሐንዲስ እዮብን ልኮ በኮረብታው ላይ ያለው የኔትወርክ ታወር ምን ያህል ኃይል እንደሚያወጣ አስለክቷል። በልኬቱም መሠረት ታወሩ ከሚያስፈልገው በላይ ትልቅ ማጉያ ተሸክሟል ተብሎ፣ ነሐሴ አጋማሽ ካለፈ በኋላ ትልቁ ወርዶ ትንሹ ተሰቀለ። ከዚያ ወዲህ ጥቂት ሰው ሲያወራ ስልካችን እንደ ድሮው ነው፤ ብዙ ሰው ሲያወራ ግን ወይ አይገባም፣ ወይ በመሐል ቁርጥ ይላል፣ ወይ ያቺ ጨዋ ሴትዮ ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ ትለናለች።

የቸኮልሁበትንም ምክንያት ልናገር። ልጄ ትህትና ከወንዙ ማዶ፣ ከባሏ ከታደለ ጋር በገጠር ቀበሌ ነው የምትኖረው፤ የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ወሯ ገብቷል። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይርጋነሽ ሆዷን ዳብሳ ሕፃኑ በእግሩ እንደዞረ ነግራታለች፤ እኔ እዚህ ላዋልድሽ ብል ሁለታችሁንም እገድላችኋለሁ፣ ሐኪም ቤት መድረስ አለብሽ ብላ ሳትሸፋፍን ነው የነገረቻት። ወንዙ እስከ መስከረም አጋማሽ ሞልቶ ይቆያል፤ ባለፈው ሳምንት እንኳን በሬ ወስዷል። ስለዚህ በቃሬዛ መሻገር የለም። በዙሪያ ያለውን፣ በእግር ሙሉ ቀን የሚፈጀውን የጠጠር መንገድ በዚህ ጭቃ የሚደፍረው መኪና የወረዳው አምቡላንስ ብቻ ነው፤ እርሱም አንድ በመሆኑ ምጥ ላልያዛት ሴት ከቀጠሮዋ በፊት አይወጣም። የልጄ ቀጠሮ መስከረም ስምንት ነው። ምጡ ቀድሞ ከመጣ ሾፌሩን እንዳለውን የሚጠራልን ስልክ ብቻ ነው።

በዚህች ቀንና በቀጠሮዋ መካከል ያለው እንቁጣጣሽ ነው፤ አገር ምድሩ እንኳን አደረሰህ፣ እንኳን አብሮ አደረሰን ሲባባል የሚውልበት ቀን። አሁን ጭንቀቴ የገባዎት ይመስለኛል።

ቅሬታዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ልኬቱ ሰዓት። መሐንዲስ እዮብ ጨዋ፣ ትሑትና ሥራውን የሚወድ ወጣት ነው፤ እርሱን አልከስም። ከነሐሴ መባቻ ጀምሮ መሣሪያውን በኮረብታው ላይ ተክሎ፣ በዕቅዳችሁ እንደታዘዘው በየቀኑ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሲለካ ሰንብቷል። ሰዓቱ የተመረጠው የጥዋቱ ጉም ከተገፈፈ በኋላ የማታው ዝናብ ሳይመጣ ስለሆነ ነው አሉ፤ ለመሣሪያው ማሰብዎ ያስመሰግንዎታል። ነገር ግን ክቡርነትዎ የኦርቶዶክስ አገር ልጅ ሆነው ሳለ፣ በፍልሰታ ከስድስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቢቸና ሰው የት እንዳለ እንዴት ተሰወረብዎ? ቅዳሴ ላይ ነዋ! ሕፃን ሽማግሌው፣ ነጋዴው፣ ባጃጅ ነጂው ሳይቀር ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ነው። በቅዳሴ መካከል ስልኩ የጮኸበት ምእመን አንድ እሽግ ጧፍ እንዲያስገባ ስለተደነገገ፣ ስልኩን ያላጠፋ ሰው በአጥቢያችን አይገኝም። እስላም ጎረቤቶቻችንም ገዢ ስለማይኖር በዚያ ሰዓት ሱቃቸውን ገርበብ አድርገው ጋደም ይላሉ። ስለዚህ ጽሕፈት ቤትዎ ሁለት ሳምንት ሙሉ በጥንቃቄ የለካው የቢቸናን ስልክ አይደለም፤ የቢቸናን ጸሎት ነው። ስለ ጸሎታችን ጽሞና በመንግሥት መሣሪያ ማረጋገጫ ስላገኘን ካህናቱ እጅግ ደስ ብሏቸዋል።

ወንዛችንን በሚያዝያ ለክቶ ለነሐሴ ድልድይ የሚሠራልን መሐንዲስ ቢመጣ፣ ገበሬው እንኳን ከትከት ብሎ ይስቅበት ነበር። በእርስዎ ግን አልሳቅንም፤ ማዕረግ እናከብራለን።

፪ኛ. ስለ አማካዩ። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላልና፣ በነሐሴ መጨረሻ በሚኒባስ ተሳፍሬ ሞጣ ድረስ መጥቼ ደጅዎን ረግጫለሁ። በአክብሮት ተቀብለው፣ ሻይ ቀድተው፣ ኮምፒዩተርዎን ወደ እኔ አዙረው፣ ታወሩ የሚያወጣው አማካይ ኃይል ትንሹ ማጉያ ከሚችለው እጅግ እንደሚያንስ አሳዩኝ። ሥዕሉ ያምራል፤ ቀለሙም ጥሩ ነበር። እኔም ለተማሪዎቼ አማካይ ማለት ምን እንደሆነ ስንት ዘመን ያስተማርሁ ሰው ስለሆንሁ፣ እዚያው ወንበር ላይ ሆኜ እርስዎም ተማሪዬ የነበሩ መስሎኝ ልደነግጥ ነበር።

አንባቢው እንዲገባው በአገራችን ነገር ላስረዳ። በንባብ ቤት እያንዳንዱ ተማሪ የየራሱን ትምህርት ጮክ ብሎ ያነባል፤ ከአጥሩ ውጭ ለሚያልፍ ሰው የሚሰማው አንድ ወጥ ጉምጉምታ ነው። አልፎ አልፎ ግን፣ ማንም ሳያዛቸው የሁሉም ድምፅ በአንድ ቅጽበት እኩል ይነሣና መንገደኛውን ክው ያደርገዋል። ተማሪው በበዛ ቁጥር ያ ድንገተኛ ጩኸት ከጉምጉምታው በላይ ይብሱን ይርቃል። የዛሬው የስልክ ሞገድም እንዲሁ ነው። የብዙ ሰው ንግግር ወደ ቁጥር ተለውጦ በአንድ ሞገድ ላይ ተደራርቦ ይላካል፤ ኃይሉም አንዴ ዝቅ፣ አንዴ ከአማካዩ ብዙ እጥፍ ዘለል እያለ ይሄዳል እንጂ አንድ ቦታ አይረጋም። ስለዚህ የሞገድ ኃይል የሚለካ ሰው አማካዩን ብቻ ጠይቆ አይተኛም፤ ከአማካዩ በላይ ምን ያህል ይዘላል፣ የሚዘለውስ ስንት ጊዜ ነው ብሎ ይጠይቃል። ማጉያው ያንን ዝላይ ካልቻለ ጫፉን ይቆርጠዋል፤ ጫፉ ሲቆረጥ ቁጥሩ ይዛባል፤ ቁጥሩ ሲዛባ ጥሪው ይወድቃል። ሰው በሌለበት ሰዓት ሲለካ ደግሞ ዝላዩ ራሱ ይጠፋል፤ ሁለት ተማሪ ብቻ በቀረበት ንባብ ቤት ምን ጩኸት ይኖራል?

፫ኛ. ከአሥር ሺህ ስለ አንዱ። ይህንን ስነግርዎ ፈገግ ብለው፣ በሌላ ከተማ ከተደረገ ልኬት አንድ ሠንጠረዥ አወጡና፣ ሰው በበዛበት ጊዜ እንኳን ከአማካዩ አሥር እጥፍ የሚሆን ዝላይ የሚገኘው ከአሥር ሺህ ናሙና በአንዱ ብቻ ነው፣ ጋሼ፣ ለዚህች ብለን ትልቅ ማጉያ አንሰቅልም አሉኝ። ጋሼ ስላሉኝ አመሰግናለሁ። ግን እስቲ ይታገሡኝና አብረን እናስላ፤ ያ ሞገድ በአንዲት ሰከንድ ውስጥ ሚሊዮኖች ጊዜ የሚለዋወጥ አይደለም እንዴ? ከሚሊዮኖች ውስጥ ከየአሥር ሺሁ አንድ ሲወጣ፣ በአንዲት ሰከንድ መቶዎች ይሆናል። እርስዎ በዓመት አንዴ የሚመጣ ያስመሰሉት ነገር፣ አንድ ሰው ሃሎ ብሎ ሳይጨርስ መቶ ጊዜ ደርሶ አልፏል። ኧረ ጉድ ነው! ይህን ስነግርዎ ሰዓትዎን አዩ፤ ምሳ ሰዓት ደርሶ ኖሯል።

፬ኛ. ስለ ቅዳሜ። መሐንዲስ እዮብ ከመሄዱ በፊት ቤቴ ድረስ መጥቶ ነበር። ጋሼ፣ ያዘዙኝን ሰዓት ለክቻለሁ፣ ግን ይህ ከተማ በዚህ ሰዓት ሰው የለውም፤ ቅዳሜ ገበያው ሲሞላ ልድገመው ብዬ ብጠይቅ ቅዳሜ የሥራ ቀን አይደለም አሉኝ ብሎ አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። እህል ሻጩ፣ ከብት ነጋዴው፣ ደላላው ከአራቱ ማዕዘን ተሰብስቦ ሁሉም በአንድ ጊዜ የሚደዋወልበት ቀን ቅዳሜ ብቻ መሆኑ የእኛ ጥፋት ነው፤ ገበያችንን ወደ ማክሰኞ እንድናዛውር ቢያዝዙን ከአባቶቻችን ጋር እንመክርበታለን።

፭ኛ. ስለ ማጉያው ማረፊያ። ትልቁን ማጉያ ለሞጣ ሕዝብ ሰጥተውት ቢሆን አፌን ሞልቼ አልናገርም ነበር፤ ሞጣ ዘመድ አለን፣ ተጋብተናል፣ ተዋልደናል። እኔ ግን ከቢሮዎ ስወጣ በግምጃ ቤቱ በር በኩል ሳልፍ በሸራ ተሸፍኖ፣ በላዩ የጥበቃው ጃንጥላ ተሰቅሎ አየሁት። ጥበቃውን ብጠይቀው የት እንደሚተከል ገና አልተወሰነም አለኝ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል እሰማ ነበር፤ የእኛይቱ ላም ግን በሰማይም አይደለች፣ ሞጣ ታስራለች። ያለ ሥራ ከሚቀመጥ እኛ ዘንድ ሆኖ ያለ ሥራ ቢቀመጥ ምን ነበረበት?

ቅሬታዬ ይኸው ነው። ምስጋናም አለኝ፤ ክርስቲያን ነኝና ምስጋና አላስቀርም። ለሻይዎ አመሰግናለሁ። ማመልከቻዬ መድረሱን በማኅተም ስላረጋገጡልኝ አመሰግናለሁ፤ ማኅተሙ ጥርት ያለ ነበር። ከሁሉ በላይ፣ በመላው ዓመት ውስጥ ስልካችን ምንም እንከን የማይገኝበትን ሁለት ሳምንት ፈልገው በማግኘትዎ አደንቅዎታለሁ። ሰው ሆን ብሎ ቢፈልግ እንኳን እንዲህ አይሳካለትም።

ክቡር ሆይ፣ ቀልዱ እዚህ ላይ ይብቃኝ። ፈርቻለሁ። ትናንት ማታ ለልጄ ደውዬ በአራተኛው ሙከራ ገባልኝ፤ አባዬ አትጨነቅ፣ ሕፃኑ ሲራገጥ ደኅና መሆኑን ያሳያል አለችኝና መስመሩ ተቋረጠ። ትናንት ገበያ አልነበረም፣ በዓል አልነበረም፤ ተራ እሑድ ማታ ሰው ከዘመዱ ሲጨዋወት ነው። እንዲህ ከሆነ እንቁጣጣሽ ዕለት ምን ሊሆን ነው? ዛሬ ቅዱስ ሩፋኤል ነው፤ ምጥ ያቀላል፣ ማኅፀን ይፈታል ብለን የምንማጸነው መልአክ። ጥዋት ጸበሉን ተጠምቄ ስለ እርሷ ተሳልሁ። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ይህን ደብዳቤ መጻፍ ጀመርሁ፤ መልአኩ የራሱን ይሠራል፣ ማጉያውን ግን እርሱ አይሰቅለውም። ከሞጣ እዚህ ያለው መንገድ የግማሽ ቀን ሥራ አይሆንም። እዮብም አንድ ቃል ይበቃኛል፣ በማግሥቱ እሰቅለዋለሁ ብሏል። ያቺን ቃል ነው የምለምንዎት። ስላሰደብሁዎት ከፈለጉ በበዓሉ ማግሥት ይክሰሱኝ፤ እየመረቅሁዎ እቀርባለሁ።

አምላክ ዘመንዎን እንደ ሠንጠረዥዎ ያለ ውጣ ውረድ ያድርግልዎ፣ ቅዳሜዎን ያለ ሥራ፣ ፍልሰታዎን ያለ ሐሳብ ያሳልፍልዎ እያልሁ፣ በከፍተኛ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ከአማካይ በላይ የሆንሁ አመልካችዎ፣
ጡረተኛው የሒሳብ መምህር ሣህለ ማርያም
ከቢቸና

ማስታወሻ፤ መስከረም 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ደብዳቤው በመናኸሪያው ግድግዳ ላይ እንዳለ ነው፤ ከሥሩ ይህችን ጨምሬ ለጥፌያለሁ።

እንቁጣጣሽ ዕለት ረፋድ ላይ የልጄ ምጥ መጣ። ይርጋነሽ ደወለች፤ ታደለ ኮረብታ ለኮረብታ እየሮጠ ደወለ፤ ጎረቤት ሁሉ ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ለሁሉም ያቺ ሴትዮ ትንሽ ቆይተው ይሞክሩ ስትላቸው ዋለች። በዚያው ሰዓት እኔ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በጤና ጣቢያው ደጅ ሳልፍ አምቡላንሱ ታጥቦ ቆሟል፤ ሾፌሩ እንዳለው ስልኩን በእጁ ይዞ ጎማው ላይ ተደግፏል፤ ቆቡን አውልቆ እንኳን አደረስዎ ጋሼ፣ የልጅ ልጅ ያሳይዎ ብሎኝ አሜን ብየው አልፌያለሁ። አሜን ብየው አለፍሁ፣ አቶ ገብረ ሕይወት።

ቀን ሲገፋባቸው በቃሬዛ ተሸክመዋት ወደ ወንዙ ወረዱ፤ ወንዙ አላሻገራቸውም። ይርጋነሽ የፈራችውን ሥራ እዚያው ሣሩ ላይ ሠራችው። ትህትና ተርፋለች፤ አሁን ሆስፒታል ነች፣ ትናገራለች። ሕፃኑ ወንድ ነበር፤ አልጮኸም።

እዮብን እንዳይቀጡብኝ፤ ቢጠይቁት አንገቱን ይደፋል እንጂ አይከራከርዎትም። ስለ ድምፅ ጥራት ግን ከእንግዲህ ቅሬታ እንደሌለኝ ይመዝግቡልኝ። መስከረም ሁለት ማለዳ፣ ሰው ሁሉ ከበዓል ድካሙ ገና ሳይነሣ፣ በበዓሉ ዕለት ተደውሎለት ያልገባው ጥሪ ማስታወቂያ በሙሉ በአንድ ጊዜ በሾፌሩ በእንዳለው ስልክ ላይ ገባ። እንዳለው ደንግጦ ወዲያው ለታደለ ደወለ፤ በመጀመሪያው ሙከራ ገባለት። ደውላችሁልኝ ኖሯል፣ የት ልምጣ ሲለው፣ ታደለ ድምፁን ከአጠገቡ እንደቆመ ሰው ጥርት አድርጎ ሰማው፤ ዶማውን አስቀምጦ ነው ያነሣው፣ ጉድጓዱን እየቆፈረ ነበር።